የገንዳ ዓሣና የጠፍጣፋ ትል ሕክምና
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)

የእንስሳት ሐኪም ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚታየው ከበረት ላም ወይም ከመስክ በግ አጠገብ የቆመ ባለሙያ ነው። በመስተዋት ገንዳ ፊት ቆሞ፣ ጣት የምታህል ዓሣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ የሚቆጥር ሐኪም ግን ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም በሆቴል አዳራሽ፣ በመሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ፣ በትምህርት ቤትና በግለሰብ ሳሎን ውስጥ የዓሣ ገንዳ እስካለ ድረስ የታመመ ዓሣ መኖሩ አይቀርም። ዓሣው ሲታመም ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሻጩ ነው። ከዚያም በዓይን ግምት የተሰፈረ ዱቄት ወይም ጠብታ ወደ ገንዳው ይጨመራል። ዓሣው ለጥቂት ቀናት ያገግማል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ይመለሳል፤ መጠኑ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ዓሣው በትሉ ይሙት በመድኃኒቱ ሳይታወቅ ከገንዳው ይወጣል።

የዚህ ንግግር ዓላማ በዓሣ ቆዳና ስንጥብ ላይ ስለሚኖሩ ጠፍጣፋ ትሎችና ስለ ሕክምናቸው ማስረዳት ነው። የንግግሩ ፍሬ ነገርም በአጭሩ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ የትሉን ዕንቁላል አይገድልም። ስለሆነም ዓሣውን የሚያድነው ጠርሙሱ ብቻ ሳይሆን፣ ከጠርሙሱ በፊት የሚደረገው ምርመራና ከጠርሙሱ በኋላ የሚቆጠረው ቀን ነው።

ሀ. የትሎቹ ዓይነትና ጠባይ

እነዚህ ትሎች በሳይንሳዊ አጠራር ሞኖጂኒያ ይባላሉ። የበግና የከብት ጉበት የሚያበላሸው የጉበት ትልና ሰውን የሚያጠቃው የቢልሃርዚያ ትል የሩቅ ዘመዶቻቸው ናቸው። ዝምድናው ግን ባለሙያውን ሊያሳስተው አይገባም። የጉበት ትልም ሆነ የቢልሃርዚያ ትል ዕድገቱን ለመፈጸም ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የእንዶድ አረፋ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ማስተዋላቸው ያን ያህል ከበሬታ ያገኘው፣ የቢልሃርዚያን ሰንሰለት ከመካከሉ ለመበጠስ የሚያስችል መንገድ ስላሳየ ነው። ሞኖጂኒያዎች ግን እንዲህ ያለ መካከለኛ አስተናጋጅ የላቸውም፤ ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ ይተላለፋሉ። ከገንዳው ቀንድ አውጣ ለቅሞ ማውጣት ለዚህ በሽታ ምንም አይፈይድም።

በጣፋጭ ውኃ ገንዳ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ዳክቲሎጂረስ የሚባለው ሲሆን በይበልጥ የሚኖረው በስንጥብ ላይ ነው። ይህ ትል ዕንቁላል ይጥላል፤ ዕንቁላሉ ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል፤ ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭም ዋኝቶ አዲስ ዓሣ ይፈልጋል። ሁለተኛው ጂሮዳክቲለስ የሚባለው ሲሆን በቆዳና በክንፍ ላይ ይበዛል። ይህኛው ዕንቁላል አይጥልም፤ ያደገ ልጅ ይወልዳል። በእናቲቱ ማኅፀን ውስጥ ያለው ጽንስ ራሱ ሌላ ጽንስ ተሸክሞ ስለሚገኝ፣ አንዲት ትል ብቻዋን በጥቂት ቀናት ውስጥ የብዙ ትሎች እናትና አያት ልትሆን ትችላለች። ከቲላፒያ ማለትም ከቆሮሶ ስንጥብ ላይ የሚገኘው ሲክሊዶጂረስም እንደ ዳክቲሎጂረስ ዕንቁላል ጣይ ነው።

ሁለቱም ወገኖች በጀርባ ጫፋቸው ላይ ባለ የመንጠቆ ጉባኤ ሥጋ ላይ ይተከላሉ። አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጡ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ጉዳታቸው ግን ከመጠናቸው ይበልጣል። መንጠቆው የወጋው ቆዳ ለባክቴሪያና ለሻጋታ በር ይከፍታል፤ የተጎዳው ስንጥብም ያብጣል፣ በዝልግልግ ይሸፈናል፣ አየር ማሳለፉንም ይቀንሳል። ዓሣው በውኃ መካከል ሆኖ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለ. ሐይቅና ገንዳ፤ ልዩነታቸው

በሐይቅና በወንዝ የሚኖር ጤነኛ ዓሣ ጥቂት ትሎች ቢኖሩበትም ብዙ ጊዜ አይታመምም። ከዕንቁላል የወጣው እጭ ዕድሜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ በሰፊው ውኃ ውስጥ ዓሣ ሳያገኝ የሚሞተው ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን ይህ የተፈጥሮ ሚዛን ይፈርሳል። እጩ ወዴትም ቢዋኝ ከዓሣ ጋር ይገናኛል። ሙቀቱም ዓመቱን በሙሉ ስለማይለወጥ ትሉ የሚያርፍበት ወቅት የለውም።

ትሉ አዲስ አገርና አዲስ ዓሣ ሲያገኝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁለት የታወቁ ታሪኮች ያስረዳሉ። በ1930ዎቹ ዓመታት በሶቪየት ኅብረት ከካስፒያን ባሕር የተወሰዱ የስተርጅን ዓሦች ወደ አራል ባሕር ተዛወሩ። ኒትሺያ ስቱሪዮኒስ የሚባለው ትልም አብሯቸው ተሻገረ። በካስፒያን ባሕር ከትሉ ጋር ለረጅም ዘመን የኖሩት ዓሦች ችለውት ነበር፤ ትሉን አይቶት የማያውቀው የአራል ስተርጅን ግን እ.ኤ.አ. በ1936 በብዛት አለቀ።

ሁለተኛው የኖርዌይ ታሪክ ነው። ጂሮዳክቲለስ ሳላሪስ ከባልቲክ ባሕር አካባቢ ከስዊድን በመጡ የሳልሞን ጫጩቶች ተሳፍሮ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በኖርዌይ ተገኘ፤ ከዚያም በተከታታይ ዓመታት ወደ 50 በሚጠጉ ወንዞች ውስጥ ታየ። ወንዝን እንደ ገንዳ በመድኃኒት ማጠብ ስለማይቻል፣ ባለሥልጣናቱ ሮቴኖን የተባለውን መርዝ በወንዞቹ ውስጥ በመጨመር ትሉን ከነተሸካሚው ዓሣ ለማጥፋት ተገደዱ። ሮቴኖን በኢትዮጵያ ገጠር ዓሣ ለማስከር በሚወቀጠው የብርብራ ዘር ውስጥ ያለው መርዝ ነው። ትሉን ለመግደል ዓሣውን መግደል ግዴታ የሆነበት ይህ ዘመቻ፣ አንድ ያልተመረመረ የጫጩት ጭነት ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳያል። በፕላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ ከመደብር ወደ ገንዳ የሚገባው አዲስ ዓሣም በመጠን ያንሳል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ሐ. ከመድኃኒት በፊት ምርመራ

በትል የተያዘ ዓሣ ሰውነቱን ከድንጋይና ከገንዳ ዕቃ ጋር ያሻል፤ ክንፉን ይሰበስባል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አልፎ አልፎም አንዱን የስንጥብ ክዳን ዘግቶ በሌላው ብቻ ይተነፍሳል። ቆዳው ይደበዝዛል፤ ዝልግልጉ ይበዛል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የትል ብቻ አይደለም። አሞኒያ የበዛበት፣ ክሎሪኑ ያልወጣለት፣ ወይም ኦክሲጅን ያነሰው ውኃም ዓሣን እንዲሁ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የዓሣው ሳይሆን የውኃው ነው። በአሞኒያ የተጎዳ ስንጥብ ላይ ፎርማሊን መጨመር በቁስል ላይ እሳት እንደ መጫን ይቆጠራል።

ውኃው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ወደ ማይክሮስኮፕ መሄድ ይገባል። ከዓሣው ጎን፣ ከክንፉ ሥርና ከስንጥብ ክዳኑ ኋላ ጥቂት ዝልግልግ በቀስታ ተፍቆ በመስተዋት ላይ ይደረጋል፤ ከዚያው ከገንዳው አንድ ጠብታ ውኃ ተጨምሮበት በ40 እና በ100 እጥፍ ማጉላት ይታያል። የስንጥብ ናሙና የሚወሰደው ከደነዘዘ ወይም ያን ጊዜውኑ ከሞተ ዓሣ ነው። ከሞተ የቆየ ዓሣ ትሎቹ ጥለውት ስለሚሄዱ፣ በእርሱ ላይ ትል አለመታየቱ በገንዳው ውስጥ ትል የለም አያሰኝም።

ባለሙያው ትል መኖሩን ብቻ አይቶ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ማንሳት የለበትም፤ የትኛው ትል እንደሆነ መለየት አለበት። ዳክቲሎጂረስ በራሱ ላይ አራት ጥቋቁር የዓይን ነጥቦች አሉት፤ የራሱ ጫፍም አራት ቦታ የተከፈለ ነው። ጂሮዳክቲለስ ዓይን የለውም፤ የራሱ ጫፍ ሁለት ቦታ ብቻ ይከፈላል፤ በሆዱም ውስጥ መንጠቆ ያበቀለው ጽንስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ አይደለም። የሕክምናውን ቀን መቁጠሪያ የሚወስነው እርሱ ነውና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል፣ በሽታው ራሱን መናገር በማይችል ፍጡር ላይ ሲሆን ኃላፊነቱን ከታማሚው ወደ መርማሪው ያዞረዋል።

መ. ፕራዚኳንቴል

በዛሬው ጊዜ ለዚህ በሽታ በይበልጥ የሚመረጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር የተገኘ ሲሆን በሰው ላይ የቢልሃርዚያ ዋና መድኃኒት ነው። የትሉን ጡንቻ ያኮማትራል፤ የውጭ ቆዳውንም ያበላሻል፤ በዚህም ምክንያት ትሉ የያዘውን ለቅቆ ይወድቃል። አብዛኛው ዓሣ በደንብ ይችለዋል።

ለመታጠቢያ የሚሰጠው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ነው። ዝቅተኛው መጠን ዓሣው በዚያው ገንዳ ውስጥ ለሚቆይበት ረጅም መታጠቢያ ሲሆን፣ ከፍተኛው በሌላ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ለሚደረግ አጭር መታጠቢያ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ የውኃው ጥልቀት 45 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 180 ሊትር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ጠጠሩና ድንጋዩ የያዙት ቦታ 20 ሊትር ያህል ቢሆን የሚቀረው ውኃ 160 ሊትር ነው። በአንድ ሊትር 2.5 ሚሊግራም ታስቦ የሚያስፈልገው መድኃኒት 400 ሚሊግራም ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ለሰው የሚሰጠው ክኒን 600 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል ቢኖረውም፣ ማያያዣ ዱቄት ስለተጨመረበት የክኒኑ ጠቅላላ ክብደት ከዚያ ይበልጣል። ክኒኑን ፈጭቶ 400 ሚሊግራም ዱቄት የመዘነ ሰው ሳያውቀው ከሚገባው ያነሰ መድኃኒት ይሰጣል። ትክክለኛው መንገድ ከተፈጨው ክኒን ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ መውሰድ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ንጹሑን ዱቄት ማግኘት ነው።

ፕራዚኳንቴል በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። እንዲሁ ከተበተነ በገንዳው ወለል ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ውኃው መድኃኒት ያገኘ ይመስላል እንጂ አላገኘም። ስለዚህ አስቀድሞ በትንሽ ውኃ ወይም በጥቂት አልኮል ተመትቶ መጨመር አለበት። የከሰል ማጣሪያም መድኃኒቱን መጥጦ ስለሚያስቀር ከመጀመሩ በፊት ይወጣል። የአየር መንፊያው ግን እንደበራ ይቆያል።

ሠ. ፎርማሊንና የደጋ ውኃ

ፕራዚኳንቴል በማይገኝበት ቦታ አሮጌው መድኃኒት ፎርማሊን ነው። 37 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ያለበት የገበያ ፎርማሊን ለረጅም መታጠቢያ በአንድ ሊትር 25 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ይህም ለ40 ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ከላይ ለተጠቀሰው 160 ሊትር ገንዳ 4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ኃይሉ ጠንካራ፣ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። በጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ የታየበት ፎርማሊን ለዓሣ እጅግ መርዛም ስለሆነ ሊሰጥ አይገባም። ለሰውም የካንሰር መንሥኤ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ያለ ጓንትና አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ አይነካም።

የፎርማሊን ዋነኛ ጠንቅ ግን ከውኃው ኦክሲጅን መቀነሱ ነው። በአንድ ሊትር የሚጨመር እያንዳንዱ 5 ሚሊግራም ፎርማሊን ከጊዜ በኋላ 1 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይወስዳል። ስለዚህ 25 ሚሊግራሙ 5 ሚሊግራም ኦክሲጅን ያሳጣል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ 28 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ ሙሉ በሙሉ አየር ቢጠግብ በአንድ ሊትር የሚይዘው ኦክሲጅን ወደ 7.8 ሚሊግራም ነው። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ግን የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ ያው ውኃ ከ6 ሚሊግራም በታች ብቻ ይይዛል። የአየር መንፊያ በሌለበት ገንዳ ከዚህ ላይ 5 ሚሊግራም ከተቀነሰ ለዓሣው የሚተርፈው ትንፋሽ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስንጥቡ ደግሞ ቀድሞውኑ በትል የቆሰለ ነው።

በቆላና በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፉ የመድኃኒት መመሪያዎች ይህን አያስቡትም። በደጋ የሚሠራ ባለሙያ ግን ሳያስበው ፎርማሊን ቢያዝዝ፣ መጠኑ በመመሪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ዓሣው ሊሞትበት ይችላል። ስለዚህ በደጋ ፎርማሊን የሚሰጠው ጠንካራ የአየር መንፊያ ባለበትና የሚከታተል ሰው በአጠገቡ ሲኖር ብቻ ነው። የመብራት መቋረጥ በሚያጋጥምበት ሌሊት ከቶ አይሰጥም። ዓሣው ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አየር መጋፍ ከጀመረም ውኃው ሳይውል ሳያድር ይለወጣል።

ረ. ቀን መቁጠር

ከላይ እንደተባለው ፕራዚኳንቴልም ሆነ ፎርማሊን የትሉን ዕንቁላል አያጠፋም። ከመጀመሪያው መታጠቢያ በኋላ ዓሣው መሻሸቱን ሲያቆም ባለቤቱ ሕክምናው ያለቀ ይመስለዋል። በገንዳው ወለል ያሉት ዕንቁላሎች ግን እንደነበሩ አሉ። ስለዚህ በዳክቲሎጂረስ የተያዘ ገንዳ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ መታጠቢያ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የሚሰጥበት ቀን የሚመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ዕንቁላሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ፣ የተፈለፈሉት ትሎች ግን አድገው አዲስ ዕንቁላል ከመጣላቸው በፊት መሆን አለበት። ቢፈጥን ያልተፈለፈለው ያመልጣል፤ ቢዘገይ አዲስ ትውልድ ይጀመራል።

ይህን ቀን የሚወስነው ሙቀት ነው። ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ውኃ የዳክቲሎጂረስ አንድ ትውልድ በጥቂት ቀናት ይፈጸማል፤ ወደ በረዶነት በተጠጋ ውኃ ግን ወራት ይፈጃል። በሞቃት ገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የሚኖረው ጎልድ ፊሽ ዘንድ ግን ይህ ጊዜ ይረዝማል። ጂሮዳክቲለስ ብቻ ከሆነ ዕንቁላል ስለሌለው አንድ በትክክል የተሰጠ መታጠቢያ ሊበቃው ይችላል። ማይክሮስኮፑ ትሉን ለመለየቱ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ያልለየ ሐኪም ወይ የማያስፈልግ መድኃኒት ይደግማል፣ ወይ የሚያስፈልገውን ይተዋል። የመጨረሻው መታጠቢያ ካለፈ በኋላም ዝልግልጉ እንደገና ተፍቆ ሳይታይ ዓሣው ዳነ አይባልም።

በጨው ውኃ ገንዳ የሚገኙት ትላልቆቹ የቆዳ ትሎችም በዚሁ ሥርዓት ይታከማሉ። ዓሣውን ሙቀቱና አሲድነቱ በተስተካከለ ጣፋጭ ውኃ ለ5 ደቂቃ ያህል መንከር ትሎቹን አንጥቶ ያራግፋቸዋል። ዕንቁላሎቻቸው ግን በክር በመረብና በማጣሪያ ላይ ተጠላልፈው ስለሚቀሩ፣ ዓሣው ታጥቦ ወደዚያው ገንዳ ከተመለሰ በሽታው ይመለሳል።

ሰ. መድኃኒትን ከልክ በታች መስጠት

ብዙ ባለቤቶች ለዓሣው በማዘን መድኃኒቱን ከታዘዘው ያነሰ አድርገው ይሰጣሉ። ይህ ርኅራኄ ሳይሆን ጉዳት ነው። ደካሞቹ ትሎች ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ይተርፋሉ፤ የሚዋለዱትም እነርሱ ናቸው። በዴንማርክ የኢል ዓሣ ማርቢያዎች ሜቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት በስንጥብ ትሎች ላይ ተደጋግሞ ከተሰጠ በኋላ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ትሎች መገኘታቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጥናት ተረጋግጧል። በበግ የሆድ ትል ይህን ችግር የሚያውቅ ሐኪም በዓሣ ላይ ሲደርስ ሊገርመው አይገባም።

ስለሆነም የተሻለው ሕክምና ትሉ ወደ ገንዳው እንዳይገባ ማድረግ ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣ የራሱ ማጣሪያና የራሱ መረብ ባለው ሌላ ገንዳ ውስጥ አንድ ወር ያህል ተለይቶ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ዝልግልጉ ይመርመር፤ ትል ከተገኘ በዚያው ይታከም። የትሉ ዕንቁላል ድርቀትን ስለማይችል መረቡና ዕቃው ከታጠበ በኋላ በፀሐይ ይድረቅ። መድኃኒት የነበረበት ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይደፋ። ለምግብ በሚረባ ዓሣ ላይም በአገሩ ሕግ ያልተፈቀደ መድኃኒት አይሰጥ፤ የገንዳ ጌጥና የገበታ ምግብ አንድ አይደሉምና።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

አንዲት የጌጥ ዓሣ ከአንድ ላም ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ኢምንት ነው። ሙያው የሚጠይቀው ጥንቃቄ ግን በታካሚው ዋጋ አይለካም። በበረት ያለች ላም ብትታመም ሳይመረምር፣ ሳይመዝንና ተመልሶ ሳያይ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም በባልደረቦቹ ዘንድ ይነቀፋል። ለዓሣም ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይገባም። ውኃው ይለካ፤ ትሉ ይለይ፤ መድኃኒቱ በሊትር ይሰላ፤ ቀኑ ይቆጠር፤ ዓሣውም እንደገና ይታይ። ከእነዚህ አምስቱ መድኃኒቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ከመደብር ሊገዛ የሚችለውም እርሱ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ የሚገኙት ከባለሙያው እጅ ነው።